አዲሱን ናስ ከአያት በር ጋር ማስታረቅ

ጥያቄው፦ «ሐረር ጁገል ውስጥ የአያቶቼን ቤት እያደስኩ ነው። በሮቹ አሮጌ እንጨት ናቸው፤ ከናስ እጀታዎቹ ግን የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ድሬዳዋ ወርጄ ስድስት አዲስ የናስ እጀታ፣ ዐሥራ ሁለት የብረት ማጠፊያ፣ ለግድግዳ የሚሰቀሉ ሁለት የናስ ትሪዎች ገዛሁ። ሲያብረቀርቁ ዓይን ይወጋሉ። እጀታዎቹን በሎሚና በጨው ቀብቼ አሳደርኳቸው፤ አምስቱ ምንም አልሆኑም፣ አንዱ ሮዝ ነጠብጣብ አወጣ። አንድ ሰው የባትሪ አሲድ ተጠቀሚ አለኝ፣ ሌላው በረኪና። የቱን ልስማ?»

እህቴ፣ ሁለቱንም አትስሚ። የባትሪ አሲድ ማለት ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ይህንኑ አሲድ በብዙ ውኃ አቅጥነው የጠቆረ መዳብና ናስ ለማጽዳት የሚጠቀሙ ባለሙያዎች አሉ፤ ጥቁረቱን በልቶ ያነሣዋልና። የመከረሽ ሰው እንግዲህ የምትፈልጊውን ነገር የሚያጠፋ መላ ነው የሰጠሽ። ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ ከሆነማ እርሳስም አለበት። በረኪናው በበኩሉ ናስ ማጥቆር ይችላል፤ ነገር ግን በየስንጥቁ የሚተወው ክሎራይድ የሚባል የጨው ቅሪት ቆይቶ ናሱን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል። ከዚህ የከፋም አለ፦ በረኪና ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን፣ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ሁለቱም ሳንባ ያቃጥላሉ። ከዚህ በታች በአሞኒያ እንድትሠሪ ስለምነግርሽ፣ በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ ክፍት በረኪና እንዳይኖር።

ሎሚው አምስቱን እጀታዎች ያልነካቸው ደካማ ሆኖ አይደለም። በገበያ የሚሸጥ አብረቅራቂ ናስ አብዛኛው ከፋብሪካ የሚወጣው ቀጭን ግልጽ ቫርኒሽ ተቀብቶ ነው። ሎሚሽ ሌሊቱን ሙሉ ያደረው ናሱ ላይ ሳይሆን ቫርኒሹ ላይ ነው። ስድስተኛው እጀታ በመንገድ ላይ ተፍጎ ወይም ከመነሻው በደንብ ሳይቀባ ቀርቶ ኖሮ፣ አሲዱ ቀዳዳ አገኘ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ ጨው የገባበት አሲድ ደግሞ ከመዳቡ አስቀድሞ ዚንኩን ያሟሟል። ላዩ ላይ የቀረው መዳብ ብቻ ነው፤ ሮዝ ሆኖ የታየሽም እርሱ ነው። አልተበላሸም። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ባለ 400 ከዚያም ባለ 600 ቁጥር፣ ቀስ ብለሽ ብታሺው ሮዙ ይለቅና ቢጫው ይመለሳል። ይህን እጀታ መሞከሪያ አድርጊው፤ ከዚህ በኋላ የምነግርሽን ሁሉ መጀመሪያ በእርሱ ላይ ሞክሪ።

አሁን ያን አንድ የተረፈ አሮጌ እጀታ ፀሐይ ላይ አውጪውና እይው። እንዳታጥቢው፣ እንዳትወለውይውም። እኔ ሐረር ለሥራ በወጣሁ ቁጥር የጁገል በሮች ፊት ቆሜ እጀታ ሳይ ብዙ ሰዓት አጥፍቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ። አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ቢጫ ነው፤ ከአዲስ ናስ ይበልጥ የለሰለሰ፣ ቅባት የጠጣ የሚመስል ቢጫ። ከዚያ ወደ ጎን ስትሄጂ ወደ ማር ይለወጣል። እጅ የማይደርስበት የውስጥ ኩርባ ቡናማ ነው፤ እጀታው በሩ ላይ ከሚለጠፈው የናስ ገበታ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ደግሞ ጥቁር ሊባል የሚችል። የገበታው ጠርዝ ላይ ግድግዳው በየጊዜው ኖራ ሲቀባ የተረፈ ነጭ መስመር ይኖራል። የብሎኑ ራስ ላይ ያለው ስንጥቅ በአቧራና በቅባት ተደፍኗል። አንድ እጀታ ላይ አራት አምስት ቀለም አለ፤ እያንዳንዱም እጅ የት እንደሄደና የት እንዳልሄደ ይናገራል። አዲሱን ዕቃ ወጥ አድርጎ ማጥቆር ቀላል ነው፤ ወጥ ሆኖ ከጠቆረ ግን ጥቁር ቀለም የተቀባ አዲስ ዕቃ ነው የሚመስለው። አንቺ መሥራት ያለብሽ ዓመታትን ሳይሆን እጅን ነው። የሥራው ግማሽ ማጥቆር፣ ሌላው ግማሽ መልሶ መግለጥ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አረንጓዴ ለማድረግም አትድከሚ። በሥዕል ላይ የሚታየው አረንጓዴ ለብዙዎች የእርጅና ምልክት ይመስላቸዋል። የኒውዮርኩ የነጻነት ሐውልት በ1886 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ የመዳብ ቡናማ ነበር፤ አረንጓዴ የሆነው የባሕሩ እርጥበትና ጨው፣ የከተማው ጭስና ዝናብ ለዐሥርት ዓመታት ሲደበድቡት ኖረው ነው። ሐረር ውስጥ ጣሪያ ሥር ያለ፣ በየቀኑ እጅ የሚነካው እጀታ እንዲህ ያለ ሕይወት አልኖረም። አረንጓዴ ብታደርጊው የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ዓይቶ ይህ የዚህ አገር አይደለም ይልሻል። በዚያ ላይ አረንጓዴው ዱቄት በእጅ ይለቃል፤ ለጤናም አይበጅም።

ወደ ሥራው ከመግባትሽ በፊት የገዛሽው በእርግጥ ናስ መሆኑን አረጋግጪ። ማግኔት አስጠጊበት። ከያዘው ውስጡ ብረት ነው፤ ናሱ ላዩን የለበሰ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ማግኔት አለመያዙ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከዚንክ ቀልጦ የተሠራና በናስ የተለበጠ ርካሽ ዕቃ አለ፣ እርሱንም ማግኔት አይዘውም። እጀታውን ገልብጪና በማይታየው ጀርባው ላይ በሞረድ አንድ ጊዜ ጫር አድርጊው። ጭረቱ እስከ ውስጥ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፤ ነጣ ብሎ ግራጫ ከወጣ አይደለም። የተለበጠ ዕቃ ሽፋኑ ካለቀ በኋላ የሚገልጠው ግራጫ ስለሆነ የምነግርሽን መንገድ አይችልም። ወደ ሻጩ መልሰሽ ብትለውጪው ይሻላል።

ቫርኒሹን ለማውለቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አሴቶን ነው፤ የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት። ጨርቅ ነክረሽ ታሺዋለሽ፣ ቶሎ ይሠራል፣ ነገር ግን በእሳት የሚቀጣጠል ስለሆነ የከሰል ምድጃ ባለበት አካባቢ አይነካም። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። አልሙኒየም ያልሆነ፣ ከእንግዲህ ምግብ የማይሠራበት አሮጌ ድስት ውሰጂ። ለአንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪና እጀታዎቹን ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ቀቅያቸው። ቫርኒሹ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይሸበሸብና በጥርስ ብሩሽ ይለቅልሻል። መልቀቁን በምን ታውቂያለሽ? ውኃ አፍስሺበት። ውኃው እንደ ጤዛ ተንከባሎ ከቆመ ቫርኒሽ ወይም ቅባት ቀርቷል፤ እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ከሸፈነው ንጹሕ ነው። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ እንዳትነኪው። የጣት አሻራ ያለበት ቦታ ቀለሙን በሌላ መልክ ይይዛል፤ አሻራሽ እጀታው ላይ ታትሞ ይቀራል። ጓንት አድርጊ።

ለጠጣርና ወፍራም የናስ እጀታ ከሁሉ የተሻለው የአሞኒያ እንፋሎት ነው። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ የቀለም ባልዲ ያስፈልግሻል። ከሥሩ በአንድ ሲኒ ለጽዳት የሚሸጠውን አሞኒያ አስቀምጪ። እጀታዎቹን በናይለን ክር አስረሽ ከባልዲው አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ በውስጡ በተጋደመ እንጨት ላይ አንጠልጥያቸው፤ ፈሳሹን እንዳይነኩ፣ እርስ በርሳቸውም ሁለት ጣት ያህል እንዲራራቁ። ከተነካኩ የተነካኩበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የብረት ሽቦ አትጠቀሚ። ክዳኑን ከመግጠምሽ በፊት ከውስጥ በኩል አንድ ደረቅ ጨርቅ ወጥሪበት፤ ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም፣ ብዙ ሥራም የሚበላሸው በዚህ ነው። በተለይ ሐረር ላይ ምሽቱ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ሥር ውኃ ያዝላል፤ ያ ጠብታ አሞኒያ የጠጣ ነው፣ ናሱ ላይ ሲወድቅ እንደ ቀለም ብዕር ጠብታ ደማቅ ሰማያዊ ነጥብ ይተዋል። ከተቻለ ቀን ቀን፣ በጥላ ሥር ሥሪ። ሁሉም የሚሠራው ውጭ፣ ንፋሱን ጀርባሽ ላይ አድርገሽ፣ መነጽርና ጓንት አድርገሽ ነው። ክዳኑን ስትከፍቺ ፊትሽን አርቂ፤ ሕፃናትም በአካባቢው አይኑሩ።

ከዚያ ቡና እንደምትቆላ ሴት መጠበቅ ነው። ንጽጽሩን ለማሳመር አላመጣሁትም፤ ቀለሙ በእርግጥም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ቢጫው ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ የገለባ መልክ ይይዛል፣ ከዚያ ማር፣ ከዚያ ቀላ ያለ ቡናማ፣ መጨረሻ ላይ የተቆላ ቡና። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በቁርጥ መናገር አይቻልም፤ እንደ አሞኒያው ጥንካሬ፣ እንደ አየሩ ሙቀትና እንደ ናሱ ቅልቅል ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ሁለት ቀን ይሄዳል። ድሬዳዋ ላይ ግማሽ ቀን የበቃው ሐረር ላይ ሙሉ ቀን ሊጠይቅ ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ እይው። ከአሮጌው እጀታ የውስጥ ኩርባ ትንሽ ሲጠቁር አውጪው፤ ከላይ የሚታሸው ይመጣልና። በንጹሕ ውኃ እጠቢውና ወዲያው አድርቂው።

ትሪዎቹን ግን ባልዲው ውስጥ አታስገቢያቸው። ይህን የምልሽ ከደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከስስ ናስ ተመትቶ የተሠራ የፋኖስ ቆብ ከእጀታዎች ጋር አንድ ላይ ከትቼ አራት ቀን ተውኩት። ቀለሙ ያማረ ነበር። ጠርዙን በጨርቅ ስይዘው ግን ከታጠፈበት መስመር ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አየሁ፤ ጫን ስለው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። ኃላፊነቱ የኔ ነበር፣ ቆቡንም ከፈልኩ። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ናስ ሳይሞቅ ሲመታ፣ ሲጫንና ሲታጠፍ ውስጡ ውጥረት ይቀመጣል፤ አሞኒያ ሲያገኘው በዚያ ውጥረት መስመር ይሰነጠቃል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የናስ ጥይት ቀለሆቹ በዝናብ ወቅት በመጋዘን እንዳሉ እየተሰነጠቁ ያስቸግሩት ነበር፤ ጥፋተኛው ከፈረሶቹ ጋጣ የሚወጣው አሞኒያ ሆኖ ተገኘ። ትሪም እንደ ቀለሁ ከስስ ናስ በጉልበት ተጭኖ የተሠራ ነው።

ለትሪዎቹ እኔ የምመክረው ትዕግሥት ነው። ቫርኒሻቸውን በሶዳው አውልቂ፣ በጓንት ይዘሽ አድርቂ፣ ሰም ሳትቀቢ ስቀያቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ አየሩ ራሱ ወደ ማር ይወስዳቸዋል፤ ግድግዳ ላይ ያለ ዕቃ ደግሞ እጅ ስለማይነካው ወጥ ቀለም ቢይዝም ሐሰት አይሆንበትም። ምግብ ግን አይቅረብባቸው፤ ቫርኒሹ ከወለቀ በኋላ ሎሚና ቲማቲም ያለበት ነገር መዳቡን ያሟሟዋል።

ወደ ማጠፊያዎቹ እንምጣ። የብረት ማጠፊያ ነጣ ብሎ ከሚያብረቀርቅ በዚንክ የተለበጠ ነው። እሳት ላይ አጋይተሽ ለማጥቆር እንዳትሞክሪ። የሚቃጠለው ዚንክ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ያንን የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ኮምጣጤ ውስጥ ንከሪው፤ አረፋ እያወጣ ዚንኩን ያራግፋል፣ አረፋው ሲያቆም ግራጫው ብረት ይወጣል። ይህንንም ውጭ ሥሪው። አጥቢና ከሻይ ጋር አገናኚው። አዎ፣ ሻይ። አምስት ስድስት ማንኪያ የሻይ ቅጠል በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አፍይ፣ ሲቀዘቅዝ ማጠፊያዎቹን አሳድሪበት። በሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሠራል፤ ብራና ላይ ለዘመናት ከኖሩት የቀለም ዓይነቶች አንዱ፣ ከታኒንና ከብረት የሚሠራው፣ በዚሁ ጠባይ የተመሠረተ ነው። ጥቁረቱ ካልያዘልሽ ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ አንድ ቀን ትንሽ እንዲዝግ ተዪውና መልሰሽ ንከሪው።

ቀይ ዝገት የሚያወጣ ሌላ መንገድም አለ፦ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ግማሽ ሊትር፣ ኮምጣጤ ስድሳ ሚሊ ሊትር፣ ጨው ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ቀላቅሎ መርጨት። በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል፣ ለአጥርና ለአበባ ማሰሮ መቆሚያ ያምራል። ለማጠፊያ ግን አልወደውም። ዝገቱ መዞሪያው ውስጥ ገብቶ ያነክሰዋል፤ እርጥብ ሆኖ ከተገጠመም የበሩን እንጨት ያጠቁረዋል፤ እንጨትም ታኒን አለውና። ጥቁሩን ማጠፊያ ካደረቅሽ በኋላ በማሽን ዘይት አሺው፣ መዞሪያው ውስጥም ጥቂት ጠብታ ጨምሪ።

አሁን መግለጡ ነው፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ክፍል። የጠቆረውን እጀታ እንደ በር እጀታ ያዢው። በእውነት ያዢው፤ በሩን እንደምትከፍቺ አድርገሽ ብዙ ጊዜ። አውራ ጣትሽ የት ዐረፈ? አራቱ ጣቶች የት ታጠፉ? እዚያ ቦታ ላይ ብቻ፣ ባለ 600 የብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን ሻካራ የጥጥ ጨርቅና ጥቂት ደቃቅ ዓመድ ይዘሽ እሺው። ዓመዱ ቀስ ብሎ ይገልጣል፤ ወረቀት ግን በአንድ እንቅስቃሴ ጭረት ይተዋል፣ ጭረት ደግሞ የዓመታት ሳይሆን የትናንት ምልክት ነው። መሐሉን አብሪ፣ ወደ ዳር ስትሄጂ ጉልበትሽን ቀንሺ፤ ቢጫው የት አልቆ ቡናማው የት እንደጀመረ ዓይን መለየት የለበትም። ጥጎቹን ፈጽሞ አትንኪ። በየጊዜው ከአሮጌው እጀታ ጎን አስቀምጪና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደሽ እይ፤ ከቅርብ የሚያሳስት ከሩቅ ይታያልና። የብሎኖቹን ራስም አትርሺ። ስድስት ያረጀ እጀታ ላይ ዐሥራ ሁለት የሚያበራ ብሎን ብዙ ቤት ውስጥ አይቻለሁ።

መጨረሻው ሰም ነው። ንጹሕ የንብ ሰም ውሰጂ፤ እጀታውን ድሬዳዋ ከሆንሽ ቀትር ፀሐይ ላይ፣ ሐረር ከሆንሽ በፀጉር ማድረቂያ አሙቂው፤ እጅ ለመያዝ የሚከብደው ያህል ሲሞቅ ሰሙ ሲነካው ይቀልጣል። በስሱ አዳርሺ፣ ሲበርድ በጨርቅ ወልውይ። እንደገና ቫርኒሽ ቀቢ የሚሉሽ ይኖራሉ። አልስማማም። ቫርኒሽ አንድ ቦታ ላይ ሲላጥ ናሱ እዚያ ብቻ ይጠቁርና የበሽታ መልክ ይይዛል፤ ሰም ግን በእንግዶችሽ እጅ ቀስ እያለ ያልቃል፣ አንቺ የጀመርሽውን ሥራም እነርሱ ይቀጥሉታል። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ብታድሽው ይበቃል።

አንድ ነገር በጣም እለምንሻለሁ። እጀታዎቹን ከመግጠምሽ በፊት ወደ እንጨቱ በሚዞረው ጀርባቸው ላይ የተሠሩበትን ዓመት በሹል ነገር ጻፊ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ ከተማ ነው፤ የበር ዕቃ ከመለወጥሽ በፊትም የከተማውን የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች አማክሪ። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ስለ ቅርስ ጥበቃና እድሳት የተጻፈው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የጎደለን ክፍል ስንተካ አዲሱ ከነባሩ ጋር ተስማምቶ እንዲታይ፣ ነገር ግን አዲስ መሆኑ እንዲለይ ይጠይቃል። ከፊት ያስማማሽውን ከጀርባ በዓመቱ ትለይዋለሽ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሩን የሚፈታ አናጺ አይሳሳትም። አሮጌውን እጀታ ደግሞ ሰምም፣ ዘይትም፣ ዓመድም ሳታስነኪው ወደ ነበረበት በር መልሺው። ብሎኑ ከላላ የእንጨቱን ቀዳዳ በቀጭን ስንጥርና በኮላ ሞልተሽ የራሱን አሮጌ ብሎን መልሰሽ አስገቢ።